ሞተሩ ከመገዛቱ በፊት በሩ ይፈተሽ

ይድረስ ለበኵር ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል
ባሕር ዳር

በሽምብጥም ሆነ በሌሎች የከተማችን ሰፈሮች በሪሞት የሚከፈት ተንሸራታች የግቢ በር እየተለመደ መጥቷል። እኛን የሚያሳስበን የአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው። ባለቤቱ አስቀድሞ ሞተር ይገዛል፣ ከዚያ ገጣሚ ይጠራል፤ የበሩ ጉድለት የሚታየው ሞተሩ ከተቃጠለ በኋላ ነው። በሩ ካልተስተካከለ ግን የትኛውም ሞተር አይበረክትም፤ ይባስ ብሎ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ለባለቤቶችም ለብረት ሠሪዎችም የምንለው አለን።

ፍተሻው መሣሪያ አይጠይቅም። በሩን በአንድ እጅ እየገፋችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሰዱት። የሚከብድበት ወይም የሚዘልበት ቦታ ካለ ጎማው አልያም ሀዲዱ ችግር አለበት። መሃል ላይ ስትተዉት በራሱ ወደ አንድ ወገን ከሄደ ሀዲዱ በሊቬላ (በውኃ ልክ) አልተሠራም ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ በር መብራት ጠፍቶ በእጅ እንዲገፋ ከሞተሩ በቁልፍ ሲለቀቅ ብቻውን ይንከባለላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ውኃ ገብቶበት የዛገ የጎማ ኩሽኔታ ሆኖ ይገኛል። ዋጋው ከሞተሩ ጋር አይወዳደርም፤ ይቀየር።

ከሁሉ አስቀድመን የምንማጸነው ግን ስለ ማቆሚያው ነው። በሀዲዱ ሁለት ጫፍ ከኮንክሪቱ ጋር የታሰረ ጠንካራ የብረት ማቆሚያ መኖር አለበት። ሞተሩ ላይ ያለው የመጨረሻ ማቆሚያ ስዊች አንድ ቀን ይበላሻል፤ ያን ቀን በሩ ከላይ ከሚይዘው ሮለር ወጥቶ በጎኑ ይወድቃል። በመቶዎች ኪሎ የሚመዝን ብረት ከሥሩ ላለ ሕፃን ወይም ዘበኛ ምሕረት የለውም። ብረት ሠሪው ማቆሚያውን ሳይሠራ ሥራው አልቋል አይበል፤ ባለቤቱም ቀሪውን ክፍያ አይስጥ።

የሞተሩን አቅም በግምት አትምረጡ። ባለ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር 15.7 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። 4 ሜትር ስፋትና 2.2 ሜትር ቁመት ያለው በር በአንድ ፊት ብቻ 138 ኪሎ ነው፤ በሁለት ፊት ከለበሰ 276። የቱቦላሬው ፍሬምና ጌጡ ሲጨመርበት 400 ኪሎ መድረሱ አያስገርምም። ሞተር ላይ የተጻፈው ክብደት በጥሩ ሀዲድ ላይ ለሚንሸራተት በር የተሰላ ስለሆነ፣ ለ400 ኪሎ በር 600 ኪሎ የሚችለውን መግዛት ይሻላል። መብራት እየጠፋ በሚያስቸግርበት ሰፈር ምርጫችን በ24 ቮልት የሚሠራው ነው፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተቀጥሎለት መብራት በሌለበትም ይከፍታል። በቀጥታ በ220 ቮልት የሚሠራው ሞተር ኢንቨርተር ከሌለው ይቆማል፤ በሩ ቶሎ ቶሎ በሚከፈትበት እንግዳ ማረፊያም ደጋግሞ ሲሠራ ይግልና ራሱን ያጠፋል። ሪሞቱ ደግሞ በተጫነ ቁጥር ኮዱን የሚቀይር ዓይነት ይሁን፤ የማይቀይረውን በርካሽ መሣሪያ መቅዳት ይቻላል።

ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። የሞተሩ መሠረት እዚህ አፈር ላይ እንዲሁ ከተጣለ በዓመቱ ይዘማል፤ ያኔ የሞተሩ ፒኞን (በሩን የሚገፋው ትንሹ ባለጥርስ ማርሽ) እና በሩ ላይ ያለው ጥርስ ብረት አይገጥሙም። ጥቁሩ አፈር ወጥቶ በጠጠር አፈር ይሞላና ይጠቅጠቅ፤ ከሀዲዱም ሥር ፌሮ ያለው አንድ ወጥ ኮንክሪት ይዘርጋ። የሞተሩ መቀመጫ ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ የሐምሌ ጎርፍ መጀመሪያ የሚያገኘው ሞተሩን የሚቆጣጠረውን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ነውና። የኃይል ሽቦውና የፎቶሴሉ (በበሩ መንገድ ላይ ሰው ወይም መኪና መኖሩን በጨረር የሚያየው ዓይን) ሽቦ በየራሳቸው ቱቦ ይለፉ። የቱቦው አፍ በሲሊኮን ካልተደፈነ ጉንዳን በዚያ ወጥቶ ቦርዱ ላይ ይሰፍራል። ግራውንድና ለብቻው የሆነ ብሬከር ግዴታ ናቸው።

ጥርስ ብረቱ ሲገጠም በእሱና በፒኞኑ መካከል ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው፤ ይህም በሩ በሄደበት ርዝመት ሁሉ ይታይ። ክፍተቱ ጠፍቶ የበሩ ክብደት ፒኞኑ ላይ ካረፈ የሞተሩ ዘንግና ኩሽኔታ ያልቃሉ። ሁለት ቁራጭ ሲቀጣጠል ሌላ ቁራጭ ከሥር ገልብጦ መግጠምና ጥርሱን ማስተካከል ነው፤ መጋጠሚያው ላይ «ቋ» የሚል በር ይህ ያልተደረገለት ነው። ጥርስ ብረቱን ግራሶ አትቀቡት፤ የኮብልስቶኑን አሸዋ ይሰበስባል። ቦርዱ ሳይነቀል በበሩ ላይ በየዳ ማካሄድም ከባድ ጥፋት ነው፤ ብዙ አዲስ ቦርድ የሚቃጠለው ገና በተገጠመበት ቀን ነው።

«ይከፈታል፣ አይዘጋም» የሚለው አቤቱታ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ፎቶሴሉ ነው። በሐይቁ ዳር ግቢዎች ትንኝና የሸረሪት ድር መስተዋቱን ይሸፍኑታል፤ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ካልሆነ ጨረር ላኪውና ተቀባዩ ፊት ለፊት መተያየታቸውንና የማታ ፀሐይ ተቀባዩ ላይ አለመውደቋን እዩ። በዚህ ፈንታ ሽቦውን አገናኝቶ ፎቶሴሉን ማሳወር ወንጀል ነው ብለን እናምናለን፤ መኪናም ልጅም ሲያልፍ በሩ አያውቅም።

ሞተሩ እየጮኸ ካልተንቀሳቀሰ በቁልፍ ልቀቁትና በሩን በእጅ ግፉ። በሩ ከሄደ፣ በ220 ቮልት ሞተር ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ነው፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ማይክሮፋራድ (የአቅሙ መጠን) ያው ሆኖ ይቀየር። መብራቱ ቢጠፋም ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ በባዶ እጅ አይነካ። ሞተሩ ዞሮ በሩ ካልሄደ ወይ የእጅ መልቀቂያው ተከፍቶ ቀርቷል፣ ወይ የውስጡ ጥርስ ተበልቷል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቦርድ የሚቃጠልበት ግቢ የቮልቴጅ መከላከያ ያስገባ። የመልቀቂያው ቁልፍ ጌታው ኪስ ውስጥ ሳይሆን ዘበኛው በሚያገኘው ቦታ ግቢው ውስጥ ይሰቀል። ተከራይ ወይም ሠራተኛ ሪሞት ይዞ ሲለቅ ደግሞ የዚያ ሪሞት ኮድ ከቦርዱ ይሰረዝ፤ ገጣሚው ይህን አሠራር ሳያሳያችሁ አይሂድ።

ከአክብሮት ጋር፣
በብረታ ብረትና በኤሌክትሪክ ሥራ የተሰማራን ባለሙያዎች
ከባሕር ዳር