«ዕድሏ ነው» ብላችሁ ላላለፋችሁት ጎረቤቶቼ

ለጀሞ ጎረቤቶቼ፣ ለዕድራችን አባላት፣ ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ለተማሪዎቼና ለወላጆቻቸው በሙሉ፦

ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት በሳይክል ስሄድ ሚኒባስ ገጭቶኝ ከወደቅሁ ጀምሮ በጸሎት፣ በገንዘብና በጉልበት ከጎኔ ያልተለያችሁትን ሁሉ በየቤታችሁ ዞሬ ማመስገን ነበረብኝ። እግሬ ገና ያን ያህል ስለማያስኬደኝ ለጊዜው በጽሑፍ ተቀበሉኝ።

ከፈጣሪ ቀጥሎ የማመሰግነው በዚያች ሰዓት የደረሱልኝን ነው። ሰው ሁሉ ተረባርቦ ሊያነሳኝ፣ ያገኘው መኪና ውስጥ ሊያስገባኝ ነበር። ጥግ ላይ ጉሊት የሚቸረችሩት እናት ግን ነጠላቸውን አጥፈው አንገቴን ደገፉና «ማንም እንዳይነካት፣ ወገቧ ተጎድቶ ይሆናል» ብለው ከለከሉ። አንድ ወጣት 907 ደውሎ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አስጠራ። አከርካሪዬ ላይ ስንጥቅ እንደነበረ የተነገረኝ በኋላ ነው። እንደ ጆንያ ተጎትቼ ተጭኜ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቆሜ አልሄድም ነበር። እማማ፣ ያ ነጠላዎ ከደሜ አልጸዳም፤ እርስዎ ግን አንድ ቀን እንኳ አላነሱብኝም። ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

በአቤት ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል የተቀበላችሁኝ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ሌሊቱን ሙሉ የእግሬን ጣቶች እያንቀሳቀሳችሁ «ይሰማሻል ወይ?» እያላችሁ ያነጋችሁ፣ እጃችሁ ይባረክ። በመድን ሥራ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ጎረቤታችንም ለወንድሜ የነገሩትን እዚህ ልድገመው፤ ብዙ ሰው አያውቀውምና። በሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ማንኛውም ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው።  በር ላይ «መጀመሪያ ክፈሉ» ሲባል የሚደነግጥ ቤተሰብ ይህን ቢያውቅ ደቂቃዎች ይተርፉለታል።

አሁን ከልቤ ወደምፈልገው ልምጣ። ቤት ከገባሁ በኋላ የመጣው ጠያቂ ሁሉ «እንኳን ተረፍሽ»፣ «ቀንሽ አልደረሰም»፣ «ከዚህ የከፋ አያምጣ» ሲለኝ ነበር። የፍቅር ቃል ነው፣ አጽናንቶኛል። ይሁን እንጂ በከተማችን ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ይዘጋል። ሹፌሩ ይወቀሳል፣ ተጎጂው ይጠየቃል፣ ዕድል ይታማል፤ መንገዱን የሚጠይቀው የለም። እናንተ ጠየቃችሁ። ይህን ምስጋና ያለ እንቅልፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

የዕድሩ የእሑድ ስብሰባ ላይ አልነበርኩም፤ አልጋ ላይ ነበርኩ። የሆነውን ግን ከብዙዎቻችሁ ሰምቻለሁ። ገንዘብ ያዣችን የዕድሩን መዝገብ ይዘው ተነሱ። ለቀብር የተከፈለበትን ገጽ እየገለጡ፣ እኔ ከወደቅሁባት ቁልቁለት ላይ የተነሱትን አስከሬኖች አንድ በአንድ አነበቡ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የተገጩትን አባት፣ ዳቦ ልትገዛ የተሻገረችውን ልጅ። ከዚያ መዝገቡን ዘግተው «ዕድራችን ለመቅበር ብቻ ነው ወይ?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ ይባላል። የዚያኑ ቀን ኮሚቴ ተመረጠ።

በክረምቱ ዕረፍት የመጣችው የሰፈራችን ልጅ፣ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዋ፣ መንገዱን በሜትር ለካች። ተማሪዎቼ ከጠዋቱ 1፡30 ጀምሮ አጥር ሥር ቆመው የሚያልፈውን መኪናና የሚሻገረውን ልጅ በደብተር መዘገቡ። የወጣው ነገር ለማንም ግልጽ ነበር። መንገዱ ሰፊና ቁልቁል ስለሆነ ሹፌሩን «ሂድ» ይለዋል። ዜብራ የለም። የእግረኛ መንገዱን የአንድ ግንባታ አሸዋና ብረት ስለያዘው ልጆቹ አስፋልት ላይ ይሄዳሉ። ማታ መብራት የለም። እኔ የተገጨሁት አሸዋውን ለማለፍ ወደ መሃል በወጣሁበት ቦታ ነው።

ማመልከቻችሁን አንብቤዋለሁ፤ አንድም ቦታ ልመና የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለውን ጠቅሳችኋል፦ አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር የሞት አደጋ ዕድሉ በ4 በመቶ ይጨምራል። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት 10 ሰዎች 8ቱ ገደማ እግረኞች መሆናቸውን፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የከተማው ጉዞ በእግር መሆኑን ጽፋችኋል። ከተማው ራሱ ከ2019 እስከ 2028 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የሞተር አልባ (የእግርና የሳይክል) ትራንስፖርት ስትራቴጂ አያይዛችሁ «ቃላችሁን ነው የምንጠይቃችሁ» አላችሁ። ገንዘብ የለም ለሚለው መልስ ደግሞ ለገሃርን በምሳሌነት ቀድማችሁ አዘጋጅታችሁ ነበር። እዚያ መስቀለኛው የጠበበውና ለእግረኛ መቆሚያ የተገኘው መጀመሪያ በቀለም፣ በድንጋይና በአበባ ማስቀመጫ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ምልልስ አላበዛውም። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሰደዳችሁ፤ ደብዳቤው ከመዝገብ ቤት ጠፋ ተባለ። ማህተም የተመታበትን ቅጂ ፕላስቲክ ውስጥ አኑረው የነበሩት እናቶች ግን መልሰው አስገቡት። ተራ ገብታችሁ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዳችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ሕፃን አዝላችሁ ሄዳችኋል። በመጨረሻ ወንበሩን ትቶ በትምህርት ቤት መግቢያ ሰዓት መጥቶ ከልጆቹ ጋር የተሻገረውን ባለሙያም አመሰግናለሁ። መንገዱን በዓይኑ ካየ በኋላ ክርክር አላስፈለገም።

ዛሬ ቁልቁለቱ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ፣ ዜብራ አለ፣ የመንገዱ አፍ በድንጋይ ጠብቧል። ቀለሙን የቀባችሁ ወጣቶች ልብሳችሁ አልቆ ነበር። የታክሲ ተራ አስከባሪዎች ፌርማታውን ከዜብራው አርቃችሁ ስላዛወራችሁት ልዩ ምስጋና ይገባችኋል፤ የተደረደረ ሚኒባስ የሚሻገረውን ልጅ ይጋርደው ነበርና። የገጨኝ ሹፌርም ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ ጠይቋል፣ ይቅር ብያለሁ። ለባለንብረቱ የሚያስገባው የቀን ገቢ ካልሞላ ማታ ከመኪናው እንደሚወርድ ለሽማግሌዎቹ ነግሯቸዋል። ጥፋቱ አይቀርለትም፤ ግን እሱ ቢቀጣም ያ የቀን ገቢ ነገ ሌላውን ሹፌር ያስሮጠዋል። ይህም ጉዳይ ሰሚ ይፈልጋል።

ሴት ልጅ ሳይክል ምን ያደርግላታል ያሉም ነበሩ፤ ሰምቻለሁ። ለእነሱ መልስ የሰጣችሁልኝ የሥራ ባልደረቦቼ አክብሮቴ ይድረሳችሁ። ሳይክል የተማርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተጀምሮ እሑድ መንገዱ ለመኪና ሲዘጋ፣ መስቀል አደባባይ ላይ ልጆች መሃል እየወደቅሁ። ከዚያ ወዲህ ለታክሲ ሰልፍ ቆሜ የማረፍድ መምህርት አልነበርኩም። መንገዱ ገደለኝ እንጂ ሳይክሉ አልበደለኝም። የተጣመመውን ቸርኬ አቅንቶ፣ ካቴናና ፍሬን ቀይሮ፣ ገንዘብ ስሰጠው «መምህር፣ ልጆቼን አስተምረሽልኛል» ብሎ እጄን የመለሰው የሳይክል ጠጋኛችን ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል።

በኮሪደር ልማቱ በትላልቆቹ ጎዳናዎች የሳይክል መስመርና ሰፊ የእግረኛ መንገድ ማየት ያስደስታል። እኛም ጋ ከጀሞ ወደ ለቡ መስመሩ አለ። ነገር ግን መስመር ላይ መኪና ከቆመበትና ሞተር ከሮጠበት ሳይክል ነጂው ተመልሶ መሃል መንገድ ይገባል። ልጆች ደግሞ ውለው የሚያመሹት ዋናው ጎዳና ላይ አይደለም፤ እንደኛ ያለው የውስጥ መንገድ ላይ ነው። ጥበቃው እስከዚህ እንዲገባ እፈልጋለሁ፣ ሐኪሜ ከፈቀደልኝ ቀን ጀምሮም ከኮሚቴው ጋር እሄዳለሁ።

አሸዋው ከተነሳ በኋላ ተመልሶ መፍሰስ ጀምሯል፤ ገንዘብ ያዣችን ባለግንባታውን ለማነጋገር ቀጠሮ ይዘዋል። መብራቱም ገና ነው። የመብራቱ ማመልከቻ ከዕድሩ ድንኳን ማስቀመጫ አጠገብ ባለው ሱቅ ተቀምጧል፤ እስከ መጪው እሑድ ድረስ ያልፈረማችሁ ፈርሙ።

እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልኝ።

መምህርት እህታችሁ፣ ከጀሞ