ውርርዱን ረትተሻል

ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለተወደድሽው እህት ዓለም፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ልጆችሽስ? እኔና ቤተሰቤ፣ ምስጋና ለፈጣሪ፣ ደኅና ነን። ሰላምታዬን ማሳጠሬን አትቀየሚብኝ፤ ከሰባት ዓመት ዝምታ በኋላ ሰላምታ ባበዛ ዋናውን ነገር የምሸሽ ይመስለኛል።

ስድስት ኪሎ ሳለን ከቪዲዮ ቤት ተከራይተን ያየነውን፣ በባቡር ላይ የተዋወቁትን የአሜሪካዊውንና የፈረንሳዊቷን ፊልም ታስታውሺያለሽ? ቪየና ከተማን ሲዞሩ አድረው፣ አድራሻም ስልክም ሳይለዋወጡ፣ ከስድስት ወር በኋላ እዚያው ባቡር ጣቢያ ሊገናኙ ተቀጣጥረው ነበር የተለያዩት። አንቺ «እሷ ትቀራለች፤ አንድ ነገር ይይዛታል» አልሽ፤ እኔ ደግሞ ቀሪው ወንዱ ነው ብዬ በአንድ ማኪያቶ ተወራረድን። ተከታዩ ፊልም «ቢፎር ሰንሴት» የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ቢሆንም፣ እኔ ያየሁት ገና ባለፈው ሳምንት ነው። የእህቴ ልጅ በፍላሽ አምጥቶልኝ አብረን ጀመርነው፤ እሱስ «ወሬ ብቻ ነው» ብሎ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ወጣ።

ረትተሻል። ሰውየው ሄዷል፤ የቀረችው እሷ ናት።

የመጀመሪያው ፊልም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 በመሆኑ በመካከሉ ዘጠኝ ዓመት አልፏል፤ ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ሊንክሌተር ያንኑ ኢታን ሆክንና ያቺኑ ጁሊ ዴልፒን መልሶ ስላመጣቸው፣ በታሪኩ ውስጥ ያለፈው ዘመን በተዋንያኑም ፊት ላይ አልፏል። የሰውየው ጉንጭ ጎድጉዷል፤ በግንባሩ መካከል ያለው መስመር በሜካፕ የመጣ አይደለም። ያቺን ሌሊት መጽሐፍ አድርጎ ጽፏት፣ ፓሪስ ውስጥ በአንድ መጻሕፍት ቤት ስለ እርሷ ሲጠየቅ፣ ቀና ሲል ሴትየዋ ቆማ ታየዋለች። አውሮፕላኑ የሚነሳው በዚያው ምሽት ነው። ፊልሙ 80 ደቂቃ ነው፤ እነርሱም ያላቸው ጊዜ ከዚያ እምብዛም ስለማይበልጥ፣ እየተራመዱ፣ ቡና እየጠጡ፣ በሴን ወንዝ ላይ በጀልባ እየሄዱ ሲያወሩ ደቂቃዋ ከእኛም ከእነርሱም እኩል ትቆረጣለች።

መሄድ አለመሄዱን ስትጠይቀው መጀመሪያ አልሄድኩም ብሎ ይዋሻታል። እንዳታፍር ብሎ ነው። እሷ ግን በቀጠሮው ዕለት አያቷን እየቀበረች ነበር። ይህን ስትነግረው ፊቱን አየሁት፤ የዘጠኝ ዓመት ቅያሜ መግቢያ አጣ። ለቅሶ ነዋ! ምን ሊል ይችላል? እዚህ ላይ ፊልሙን አቁሜ ወደ በረንዳ ወጣሁ። ከአራተኛ ፎቅ የአዳማው የፍጥነት መንገድ መክፈያ ይታያል፤ መኪኖቹ መብራታቸውን አብርተው ተሰልፈው ነበር። እነርሱን ሳይ ብዙ ቆየሁ። ለምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ ወደ እርሱ እደርሳለሁ።

ሁሉን አልወደድኩለትም። ሰውየው ባለትዳርና የአራት ዓመት ልጅ አባት ነው፤ ሚስቱን ግን አንድም ጊዜ አናያትም፤ ትዳሩ እንደከሰመ የምንሰማው ከራሱ አፍ ብቻ ነው። እንደ አንዲት ባለትዳር ሴት በዚህ ተናድጃለሁ። ሆኖም መኪናው ውስጥ፣ እሱ ፊቱን አዙሮ ስለ ትዳሩ ሲናገር ጸጉሩን ልትዳስስ እጇን ትዘረጋና፣ ዞር ሲል ሳያያት ትመልሰዋለች። ያቺ እጅ ከወሬው ሁሉ በለጠችብኝ። መጨረሻው ደግሞ ቤቷ ነው፤ ጊታር አንስታ ስለዚያች ሌሊት የደረሰችውን ትዘፍንለታለች፤ ቀጥላ ኒና ሲሞንን እያስመሰለች ስትጨፍር አውሮፕላኑ እንደሚያመልጠው ትነግረዋለች፤ እሱም ማወቁን ይናገራል፤ በቃ። ሦስተኛ ፊልምም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፤ አላየሁትም፤ እስክንገናኝ አቆይቼዋለሁ።

ብዕር ያስነሳኝ ግን ከፊልሙ በኋላ ያነበብኩት ነው። ዳይሬክተሩ እ.ኤ.አ. በ1989 ፊላደልፊያ ውስጥ በአንድ የመጫወቻ ዕቃ መደብር ካገኛት ወጣት ጋር እስኪነጋ ሲዞሩ አድረው ነበር፤ የመጀመሪያው ፊልም መነሻው ይኸው ነው። ከዚያ በስልክ ይገናኙ ነበር፤ እየራቁ ሄዱ፤ ተጠፋፉ። ፊልሙን አይታ አንድ ቀን ትመጣለች ብሎ ሲጠብቅ ኖሮ፣ ልጅቱ ገና ቀረጻው ሳይጀመር በሞተር ብስክሌት አደጋ ማረፏን የሰማው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ሦስተኛውን ፊልም ለመታሰቢያዋ አደረገው። ይህን ያነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እናትሽ ያረፉ ጊዜ መርዶው በማግሥቱ ደርሶኛል። መሥሪያ ቤቴ ፈቃድ አልሰጠኝም ብዬ ለሰው አውርቻለሁ፤ እውነቱ ግን ፈቃድ አልጠየቅሁም። ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያን ሰሞን በራሴ ቤት ጉዳይ ተወጥሬ ራቀብኝ። ለሠልስቱ እደርሳለሁ አልኩ፤ ከዚያ ለአርባው፣ ከዚያ ለሰማንያው፤ ሙት ዓመቱም አለፈ። ባለፈ ቁጥር ስልኩን ማንሳት እየከበደኝ ሄደ፤ «ለቅሶዬን ያልደረሰች» ከምትይኝ የሞትኩ ብትመስልሽ መረጥኩ። እናትሽ እኮ በየወሩ ዳቦ ቆሎና በሶውን እኩል ከፍለው፣ በሁለት ከረጢት፣ በአንዱ የአንቺን በአንዱ የእኔን ስም አጽፈው ይልኩልን ነበር። የእኔን ከረጢት እስከ ዛሬ አልጣልኩትም፤ የልብስ መርፌና ክር አስቀምጥበታለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ጎረቤቴ ናት፤ ቅዳሜ ተነስታ ደሴ አንድ ሳምንት ትቆያለች። ብትፈቅጂልኝ የፊታችን ጥቅምት እመጣና በመጀመሪያ ወደ መቃብራቸው ትወስጂኛለሽ። ማኪያቶውን ከዚያ ወዲያ እከፍላለሁ። ባትፈቅጂም አልፈርድብሽም፤ መጻፍ ከከበደሽ ለጎረቤቴ በቃል ንገሪያት፤ እንዳለ ታደርስልኛለች።

ያቺው የመኝታ ክፍል ጓደኛሽ