የፎቶ ክበብ፦ ጨለማ ውስጥ ያሳለፍነው ዓመት

ዘንድሮ የክበባችን ሥራ በአብዛኛው መጋረጃው ተዘግቶ፣ መብራቱ ጠፍቶ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ያለችን ኪስ የምትገባ ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ናት፤ በብርሃን ለመሳል ግን ትበቃለች። ይህን በተለይ የምጽፈው «ጥሩ ካሜራ ስለሌለኝ» እያሉ ወደ ክበቡ ለማይመጡ ልጆች ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ካሜራዋ 15 ሰከንድ ሙሉ ክፍት ሆና ስትቆይ አንድ ልጅ ፊት ለፊቷ የእጅ ባትሪ ያወዛውዛል። ጥቁር ከለበሰና አንድ ቦታ ካልቆመ እሱ አይታይም፣ የሚታየው ብርሃኑ የሄደበት መስመር ነው። ፍላሽ ይጠፋል፣ አይኤስኦ (ካሜራዋ ለብርሃን ያላት ንቃት) ወደ 80 ወይም 100 ይወርዳል። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ስለሌለን ካሜራዋን የተደራረቡ መጻሕፍት ላይ አስቀመጥናት፤ ስንጫናት እንዳትነቃነቅም ከተጫኑ ከ2 ሰከንድ በኋላ ራሷ እንድታነሳ የሚያደርገውን ሴልፍ ታይመር ተጠቀምን። ቀይ መስመር ሲፈለግ ባትሪው ላይ ቀይ ፌስታል ይጠመጠማል።

ከሁሉ ያከራከረን ፊደል ነው። የሚጽፈው ልጅ ፊቱን ወደ ካሜራ ስለሚያዞር ጽሑፉ ተገልብጦ ይወጣል። «ሀ» እና «በ» ምንም አይሆኑም። «ቡ» ግን ጭረቷ በግራ በኩል ሆና ቁጭ! «ተ» ላይ ደግሞ አግድሙን ለመጻፍ እጅ ሲሻገር ባትሪውን በመዳፍ መሸፈን የግድ ነው፣ አለዚያ ያልተፈለገ መስመር ይገባል። ፎቶውን በኮምፒውተር መገልበጥ ይቻላል፤ ልጆቹ ግን ገልብጦ መጻፍን መረጡ፣ እኔም ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ፎቶው ገና ሳይነሳ እያንዳንዱን ጭረት አስበው ይጨርሱታል።

በ1949 እ.ኤ.አ. ሠዓሊው ፒካሶ ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ለፎቶግራፍ አንሺው ጆን ሚሊ በባትሪ አየር ላይ እንደሳለ ነግሬያቸው ነበር። ይበልጥ የሳባቸው ግን ጊልብሬዝ የተባሉት አሜሪካውያን ባልና ሚስት ሠራተኞች እጅ ላይ ትንንሽ አምፖል አስረው እንቅስቃሴያቸውን በፎቶ ማጥናታቸው ነው። ወዲያው አንዷ ተማሪ «እስክስታስ?» አለች። የባህል ክበብ ልጆችን ጠራን፣ ሁለቱም ትከሻ ላይ ትንሽ መብራት በፕላስተር ተለጠፈ። የወጣው ፎቶ ላይ ሰው የለም። ሁለት የተቆላለፉ የብርሃን ክሮች ብቻ፤ ትከሻው የተሰበቀበት ቦታ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ሰውነት የዞረበት ሳስቶ ይታያል። ከዓመቱ ሥራ ሁሉ እኔ የምወደው ይህንን ነው።

ፎቶዎቹ ቤተ መጻሕፍት መግቢያ ላይ ተለጥፈዋል። ምዝገባ መስከረም ላይ ነው፤ ጥቁር ሹራብና ባትሪ ይዛችሁ ኑ።