ቆሽቴ አረረ ያልሽኝ ዕለት

ውድ ሰናይት፣

እንደምን ከርመሻል? ሜሮንስ እንዴት ናት? ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብሽ። ያኔ ከባሕር ዳር ደውለሽ «ልጄ ስኳር ተገኘባት፣ ቆሽቴ አረረ» ስትዪኝ «አይዞሽ» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ምን እንደምልሽ ጠፋኝ። ቀኑ ሲረዝም ደግሞ አፈርኩ። ይቅር በይኝ።

አሁን ግን የምነግርሽ አለኝ። አምና የገባሁበት ላብራቶሪ የሚያጠናው ቆሽትን ነው። ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ የማየው እሱኑ፣ አንቺ አረረ ያልሽውን ነው።

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የተሸሸገ ነው። ከሕያው ሰው ቆንጥሮ መውሰድ ያስፈራል። ኖርዌይ ውስጥ ስድስት የስኳር ሕመምተኞች ፈቅደው ናሙና ሰጥተው ነበር፤ ናሙናው ሲወሰድ የተጎዱ ስለነበሩ ጥናቱ ቆመ። በፈረንጆቹ 2007 ደግሞ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኤንፖድ የሚባል ሥራ ተጀመረ። ሰው ሲሞት፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ ቆሽቱ ይወሰዳል። በስሱ ተቆርጦ በየአገሩ ላሉ ተመራማሪዎች ይከፋፈላል። አንዱ ያየውን ሌላውም ያየዋል፣ ውጤቱንም ይጋራሉ። ናሙናው በተለጠፈባት ብርጭቆ፣ በስላይዷ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። አንዳንዶቹ የልጆች ናቸው። ባነሳኋት ቁጥር በለቅሶዋ መሐል «እሺ» ያለች እናት ትታየኛለች።

ምን ታየ መሰለሽ? በሜሮን ዓይነቱ ስኳር የሰውነት መከላከያ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ቤታ ሴሎች በስህተት ያጠቃል፤ ግን ባንዴ ጠርጎ አይጨርሳቸውም። አንዱ ጥግ ወድሞ አጠገቡ ያለው ደህና ሆኖ ይገኛል። ቦስተን ያለው የጆስሊን ማዕከል 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ከዚህ በሽታ ጋር የኖሩ ሰዎችን ሲያጠና፣ ካረፉት የዘጠኙን ቆሽት መርምሮ ነበር። በዘጠኙም ውስጥ ቤታ ሴል ተገኘ። ከ50 ዓመት በኋላ! ይህን ሳነብ ሜሮን ትዝ አለችኝና አለቀስኩ።

ተስፋ ስልሽ ግን ዛሬ ትድናለች ማለቴ አይደለም። የሚተርፉት ሴሎች ጥቂት ናቸው፣ አይበቋትም። ጸበሉን ውሰጃት፣ ኢንሱሊኑ ግን አንድ ቀንም አይቋረጥባት። በ2022 አሜሪካ የፈቀደችው ቴፕሊዙማብ የሚባለው መድኃኒትም ቢሆን በሽታው ገና ሳይወጣ ለተደረሰባቸው ነው፤ ሁለት ዓመት ያህል ያዘገየዋል።

የባሕር ዳር ሙቀት ያሳስበኛል። መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑን የት ነው የምታስቀምጪው? እርጥብ አሸዋ ላይ የተቀመጠ ማሰሮ ያቀዘቅዘዋል። እሑድ ማታ እደውላለሁ። ካላነሳሽም ደግሜ እደውላለሁ።

እኅትሽ፣ ትዕግሥት