በእናቴ መንጋጋ ውስጥ የገባው ምንድን ነው?

ግልጽ ደብዳቤ፦ በከተማችን የጤና ተቋማትን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን በአደባባይ የምጽፈው በቢሮዎ በር በኩል አልሆን ስላለኝ ነው። ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመለከትኩ። አራት ጊዜ በአካል መጣሁ። መጨረሻ ላይ «ጉዳዩ እየታየ ነው፣ እንደውልልዎታለን» ተባልኩ። ይኸው አምስት ወር ሆነው። ማንም አልደወለም።

ጥያቄዬ አንድ ነው። በእናቴ መንጋጋ ውስጥ የገባው ምንድን ነው?

እናቴ 63 ዓመቷ ነው። የታች መንጋጋ ጥርሷን ካስነቀለች ቆይታለች። አምና ጥቅምት ላይ ኢምፕላንት፣ ማለትም መንጋጋ አጥንት ውስጥ በብሎን የሚታሰር ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለማስተከል ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ራጁን አይቶ አጥንቱ ተመናምኗል አለን። ይህን አምናለሁ። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ አቅፎት የነበረው አጥንት እየሳሳ ይሄዳል፣ ለሚተከለው ብሎን መያዣ ያጥራል። «የአጥንት ዱቄት እንጨምርበታለን፣ ግሮውዝ ፋክተር ስላለው ቶሎ ይሞላል» አለን። ግሮውዝ ፋክተር ማለት ሕዋሳት እንዲያድጉ የሚያነሳሳ ፕሮቲን ነው። ለእሱ ብቻ 48 ሺህ ብር ከፈልኩ። ደረሰኙ እጄ ላይ ነው። የተጻፈበት «ቦን ግራፍት ከጂኤፍ ጋር» የሚል ብቻ ነው፤ የአጥንት መሙያ ከግሮውዝ ፋክተር ጋር ማለት ነው።

በሰባተኛው ወር ብሎኑ መነቃነቅ ጀመረ። ድዷ መግል ያዘ። አንድ ቀን ጠዋት በትንሿ ጣቷ ድዷን ስትጫነው እንደ ደቃቅ ጨው ያለ ነጭ ፍሬ ወጣ። ሶፍት ላይ አድርጋ አሳየችኝ። «ልጄ፣ ይሄ የምን አጥንት ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

እናቴ የአሳማ ነገር በአፏ ዞሮ አያውቅም። የአጥንት መሙያ ደግሞ ከሟች ሰው አጥንት ይሠራል፣ ከከብት ይሠራል፣ ከአሳማ ይሠራል፣ በፋብሪካ ከካልሲየም ፎስፌት ብቻም ይሠራል። የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ የነገራት ሰው የለም። ስንጠይቅም «የውጭ ዕቃ ነው፣ ጥሩ ነው» አሉን።

ግሮውዝ ፋክተር ያሉትንም ልንገርዎ። አንደኛው መንገድ ከታካሚው ከራሱ ደም የሚዘጋጀው ነው። ደም ይቀዳል፣ ማሽን ላይ ይሽከረከራል፣ የረጋው ክፍል ቁስሉ ላይ ይደረጋል። እናቴ ግን ደም አልተቀዳላትም። ከጎኗ ተቀምጬ ነበር። እንግዲያውስ ከፋብሪካ የመጣ መሆን አለበት። ከነዚህ አንዱ አጥንት አብቃይ ፕሮቲን ነው፣ ከከብት ኮላጅን በተሠራ ስፖንጅ ላይ ተነክሮ ይቀመጣል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ለመንጋጋ የፈቀደው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ፊትን ክፉኛ ሊያሳብጥ ይችላል። ካንሰር ያለበት ሰው ላይ እንዳይውልም ያስጠነቅቃል። ሌላው በ2005 እ.ኤ.አ. ለድድ በሽታ የተፈቀደው ነው፣ ፈሳሹ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለበት። እናቴን ካንሰር ይኑርባት አይኑርባት የጠየቃት የለም። የሞላነው ቅጽ ስም፣ ዕድሜና ስልክ ነበር። ዕቃው ከየት ወጥቶ እንደመጣ፣ ቀዝቃዛ ይሁን አይሁን አላየሁም።

ሦስተኛም አለ። ምንም ግሮውዝ ፋክተር ሳይኖር ገንዘቡን ተቀብለውን ይሆናል። ይህንንም ማወቅ መብታችን ነው።

ሕክምናውን እየተቃወምኩ አይደለም። በትክክል ሲሠራ ሰው ቆሎ እንደገና ይቆረጥማል። የሚያናድደኝ መልሱ በጣም ቀላል መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ሲመጣ ማሸጊያው ላይ የሚላጥ ስቲከር አለው። የአምራቹ ስም፣ የባች ቁጥሩ፣ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ይጻፍበታል። አንዱ የታካሚው ካርድ ላይ ይለጠፋል። የእናቴን ካርድ በግድ አሳዩኝ። ምንም አልተለጠፈበትም። የሕክምና መሣሪያ ሳይመዘገብ ገበያ ላይ እንደማይውል አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይላል፤ ይህን ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል። ታዲያ ስሙ የማይታወቅ ነገር መመዝገቡን ባለሙያዎችዎ በምን አጣሩ? ክሊኒኩን ሄደው አይተውታል? የግዢ ደረሰኝ ጠይቀዋል? ይህን በሁለቱም ማመልከቻዬ ጽፌያለሁ።

እናቴ አሁን በአንድ ጎን ብቻ ነው የምታኝከው። እንጀራውን ሳይቀር አርሳ ነው የምትበላው። ሌላ ሐኪም አይቷታል፤ ብሎኑን አውጥቶ፣ የቀረውን ዱቄት ጠርጎ፣ እንደገና መሥራት አለበት። መጀመሪያ የጠየቀኝ ነገር «ምን ነበር የተጨመረላት?» የሚል ነው። እኔም እርስዎን የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

የክሊኒኩ ስም፣ የካርዷ ቁጥርና የደረሰኙ ኮፒ ፋይልዎ ውስጥ ናቸው። አንድ ባለሙያ ለግማሽ ቀን ይላኩ፤ የግዢ ሰነዱን ይይልን። ቀዶ ሕክምናዋ ለሚያዝያ 20 ተቀጥሯል። መልሱን ከዚያ በፊት እፈልገዋለሁ።