ቆጮ ይቦካል እንጂ አይበሰብስም

ለዋና አዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት በግብርና ገጽዎ ላይ ስለ እኛ፣ ስለ ጉራጌ እንሰት አምራች ሴቶች ማኅበር፣ የወጣውን ዘገባ አንባቢዎችዎ አይተውታልና መልሰን አንተርከውም። ፎቶዎቹ ጥሩ ነበሩ። እማሳችን ድረስ ሰው በመላካችሁም እናመሰግናለን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ስለ አንድ ቃል ነው። ዘጋቢው የተፋቀው እንሰት ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ «በስብሶ» ቆጮ እንደሚሆን ጽፏል። አንድ ጊዜ ቢሆን የብዕር ስሕተት ብለን እናልፈው ነበር። ሦስት ጊዜ ነው የተደገመው፤ አንዱም ርእሱ ላይ ነው።

ቆጮ አይበሰብስም። ይቦካል።

የጤፍ ሊጥ በእርሾ ተለውሶ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀመጥ ጋዜጣችሁ «ሊጡ በሰበሰ» ብሎ ጽፎ ያውቃል? ጠላው ይፈላል፣ ጠጁ ይብላላል፣ እርጎው ይረጋል፤ ለእያንዳንዱ አማርኛ የራሱን ቃል ሰጥቶታል። እንሰት ላይ ሲደረስ ቋንቋው ለምን ይደኸያል? አዲስ አበባ ውስጥ ክትፎውን በቆጮ የሚበላ ሰው ብዙ ነው። ያን ሰው የበሰበሰ ነገር ስትበላ ኖርህ ብላችሁታል፤ ቆጮውን የሠራችውንም ሴት የበሰበሰ ነገር ሻጭ አድርጋችኋታል።

ጉድጓዱ ውስጥ የሚሆነውን ሳይንሱም ያውቀዋል። የተፋቀው እንሰት አየር ሳያገኝ ሲታፈን ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። መጀመሪያ ሊኮኖስቶክ የሚባለው ወገን ሥራውን ያስጀምራል፤ ኮምጣጣነቱ እየጨመረ ሲሄድ ለላክቶባሲለስ ይለቅለታል። የኮምጣጣነት መለኪያው ፒኤች (ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል) ከ6.5 አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ወደ 4.2 አካባቢ ይወርዳል። እዚያ ከደረሰ በኋላ ምግብ የሚያበላሹ አብዛኞቹ ተሕዋስያን ሊኖሩበት አይችሉም። በሞቃት ቦታ ቆጮ በሦስት ሳምንት ለመብል ሊደርስ ይችላል፤ ደጋ ላይ ወራት ይፈልጋል። በደንብ የታሸገ ጉድጓድ ከዓመት በላይ ያቆየዋል። የሚበሰብስ ነገር ዓመት አይቆይም።

ይህ ደግሞ በራሱ አይሆንም፤ ዘገባው የዘለለውም ይህንኑ ነው። «ፍቀው ይቀብሩታል» ብላችሁ በሁለት ቃል የጨረሳችሁት ሥራ እኛ ጋ ተከፋፍሎ የሚሰጥ ትምህርት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ተክሉን ከመምረጥ ነው። እንሰት በዕድሜው አንድ ጊዜ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። ስታርቹ ሞልቶ የሚገኘው አበባው ሊወጣ ሲል ወይም ብቅ እንዳለ ነው፤ እንደ ቦታውና እንደ ዝርያው ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ይወስዳል። ከመሐል የሚወጡት አዳዲስ ቅጠሎች ማነስና ቀጥ ብለው መቆም ሲጀምሩ ጊዜው ቀርቧል። አበባው አልፎ ፍሬ ከያዘ ተክሉ ያጠራቀመውን ለፍሬው ሰጥቶታል፤ ቃጫው ይበዛል፣ ቆጮው ያንሳል።

ቀጥሎ መፋቅ ነው። ግንድ የሚመስለው ነገር እርስ በርሱ የተቃቀፈ የቅጠል እግር ነው። ከውጭ ያለው ደረቁ ይነሣና ለማሰሪያና ለሽፋን ይውላል። የውስጡ እያንዳንዱ ተላቅቆ፣ በመፋቂያው ልክ ተቆርጦ፣ ተዳፋት ሆኖ በቆመ ሳንቃ ላይ ተይዞ ከቀርከሃ በተሰነጠቀ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ይፋቃል። እጅ ከከበደ ቃጫው ተቆራርጦ ከቆጮው ጋር ይገባል፤ ሲበላ ጥርስ ውስጥ የሚቀረው እሱ ነው። እጅ ከቀለለ ደግሞ ስታርቹ ቃጫው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከመሬት በታች ያለው ድቡልቡል ሥር፣ አሚቾው፣ ለብቻው ጥርስ ባለው እንጨት ይፈጫል። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመፋቂያና የመጭመቂያ መሣሪያ መሥራታቸውን እናውቃለን፤ የሴቷን ወገብና እግር የሚያሳርፍ መሣሪያ ሁሉ ይምጣልን። መሣሪያው ግን የቡኮውን እርጥበት አይለካላትም፤ እሱ የእጇ ሥራ ነው።

የተፋቀው ሲጨመቅ የሚወጣው ውኃ አይደፋም። ዕቃ ውስጥ ሳይነካ ሲያድር ነጩ ዝቃጭ ከታች ይረጋል፤ ላዩ ውኃ ቀስ ተብሎ ይቀነሳል። ያ ነጭ ዝቃጭ ቡላ ነው። ዘገባችሁ ቡላን «ከቆጮ የሚወጣ ዱቄት» ብሎታል። ቡላ እዚህ ደረጃ ላይ የሚለይ ስታርች ነው፤ የደረሰ ቆጮ ተፈጭቶ ቡላ አይሆንም።

ከዚያ እርሾው ይመጣል። ከአሚቾ ተለይቶ አስቀድሞ እንዲቦካ የተደረገ ነው፤ ሲዳማዎች ጋማንቾ የሚሉት ዓይነት። ከተፋቀውና ከተፈጨው ጋር አንድ ወጥ እስኪሆን ይለወሳል። አንዱ ጥግ እርሾ ካልደረሰው እዚያ ጥግ ላይ የሚራባው ሌላ ነገር ነው።

ጉድጓዱን በተመለከተ ሠልጣኞቻችን ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ቁፋሮው ላይ አይደለም፤ ቅጠሉ ላይ ነው። ውኃ የማይተኛበት ከፍ ያለ ቦታ ይመረጣል። ታችና ዙሪያው ባልተቀደደ የእንሰት ቅጠል ይሸፈናል፤ ቅጠሉ ጫፍ ለጫፍ ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ፣ አንድ ዙር ሳይሆን ብዙ ዙር። ቡኮው ሲገባ በእግር እየተረገጠ በውስጡ የቀረው አየር ይወጣል። ላዩ በቅጠል ታጥፎ ይዘጋል፤ ድንጋይ ይጫንበታል። ቆይቶ ይከፈታል፣ ይገለበጣል፣ ያረጀው ቅጠል በአዲስ ይለወጣል፣ ተረግጦ እንደገና ይታሸጋል። ዘጋቢው የመጣው በዚህ የመገልበጫ ቀን ነበር። ቅጠል ስትለውጥ የነበረችውን ሴት ፎቶ አንሥቷት ሄደ። ምን እየሠራሽ ነው ብሎ አልጠየቃትም።

አሁን ስለ መበስበስ እንናገር። ቆጮ ሊበሰብስ ይችላል፤ በእኛ ቋንቋም ቃሉ ሥራ አለው። ቅጠሉ ተቀዶ አየር ሲገባ ላዩ ሻጋታ ያወጣል፤ ቀለሙም ወደ ጥቁር ይሄዳል። የዝናብ ውኃ ሲገባ ኮምጣጣነቱ ይቀጥንና ሌሎች ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ ያን ጊዜ የሚወጣው ሽታ የቆጮ ኮምጣጣ ሽታ ሳይሆን አፍንጫ የሚወጋ የከረፋ ሽታ ነው። ጉድጓዱ ተከፍቶ ተወስዶለት በደንብ ሳይታሸግ ሲቀርም እንዲሁ። ያን ጊዜ እኛም «ይህ በስብሷል» እንላለን፤ ከላይ የተበላሸው ብቻ ከሆነ ውስጡ ንጹሕ እስኪመጣ ድረስ ተነሥቶ ይጣላል፣ ውኃው እስከ ታች ከወረደ ሁሉም ይጣላል። አዲስ ሠልጣኝ በመጀመሪያው ቀን የምትማረው ቦክቷልን ከበስብሷል መለየት ነው፤ በዓይን፣ በአፍንጫ፣ በእጅ እየጨበጠች። እናንተ ሁለቱን አንድ አደረጋችኋቸው። ይህች ልጅ ነገ ጋዜጣችሁን ይዛ «ሁሉም የበሰበሰ ከሆነ የትኛውን ነው የምጥለው?» ብትል ምን እንበላት?

ሌላው ያስከፋን «ማኅበሩ በባለሙያዎች ሠልጥኖ ቆጮ ማምረት ጀመረ» የሚለው አገላለጽ ነው። እኛ ከባለሙያ የተማርነው አለ፤ አንክድም፤ የቢላዋ ማጽዳትን ከእነሱ ነው የተማርነው፤ ወረድ ብለን እንመጣበታለን። ቆጮን ግን ማንም ሥልጠና ሰጥቶን አልጀመርነውም። ጉራጌው ኧሰት፣ ሲዳማው ዌሴ፣ ወላይታው ኡታ፣ ኦሮሞው ወርቄ የሚለውን ተክል ወደ ምግብነት የሚለውጡት ሴቶች ናቸው፤ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በእንሰት ላይ ይመካል። በዘገባው ላይ ስማቸው ተጠቅሶ የተናገሩት አራት ሰዎች በሙሉ ወንዶች ናቸው፤ አንዳቸውም እንሰት አይፍቁም። ሴቶቹ የተጠሩት «የአርሶ አደር ባለቤቶች» ተብለው ነው። እንሰት በበሬ አይታረስም፤ በመቆፈሪያ፣ በፍግና በእጅ ነው የሚኖረው። «አርሶ አደር» የሚለው ቃል በመጀመሪያውም እኛን አያቅፍም ነበር፤ እናንተ ደግሞ የእሱ ሚስት አድርጋችሁ ከቃሉ አንድ እርምጃ አራቃችሁን።

ቢላዋው። ዘገባው ሁለት ገጽ ሲሆን ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ አንድ መስመር የለውም። በሽታው ባክቴሪያ ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዳኛቸው ይርጉ ብራድበሪ ከተባለ ተመራማሪ ጋር ሆነው በ1968 እ.ኤ.አ. በእንሰት ላይ መኖሩን ለዓለም አሳውቀዋል። ኋላ ሙዝ ላይም ተገኝቷል። መድኃኒት የለውም። የመሐል ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ይታጠፋል፤ የቅጠሉ እግር ሲቆረጥ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። ከተክል ወደ ተክል ከሚያስተላልፉት ነገሮች ዋናው ሰው የያዘው ቢላዋ ነው። በሽተኛ ተክል ቆርጣ በዚያው ቢላዋ ጤነኛውን የነካች ሴት የስድስት ዓመት ልፋቷን በአንድ ቀን ልትጨርስ ትችላለች። ስለዚህ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስንሻገር ስለቱ እሳት ላይ ይለበለባል ወይም በበረኪና ይታጠባል፤ የታመመው ከነሥሩ ተነቅሎ ይቀበራል፤ ከብት እንዳይደርስበት ይጠበቃል፤ ከታመመ ማሳ ችግኝ አይወሰድም። ወላይታ ውስጥ ማዚያ የሚባለው ዝርያ በሽታውን ከሌሎቹ በተሻለ ይቋቋማል። የተቀበረ እንሰት ሁሉ እየበሰበሰ ምግብ ይሆናል ብሎ ያነበበ ሰው የታመመውንም ተክል ፍቆ ቢቀብር፣ በዚያው ቢላዋ ወደ ቀጣዩ ቢሄድ፣ ቃላችሁ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አሰቡበት?

ከትምህርት ቤት ለሚመጡልን ተማሪዎች ደግሞ የምናሳየው ማራባቱን ነው። ከሁለት እስከ አራት ዓመት የሆነው እንሰት ከመሬት ከፍ ብሎ ይቆረጣል፤ የመሐሉ ማብቀያ ተጎርጉዶ ይወጣል፤ ቀዳዳው በአፈርና በፍግ ይሞላና ሥሩ ይቀበራል። ማብቀያው ካልወጣ አንድ ቡቃያ ብቻ ተመልሶ ይበቅላል፤ ከወጣ ግን ከአንድ ሥር ከአምሳ እስከ መቶ ችግኝ ሊገኝ ይችላል። ይህን ወንዶቹም ሴቶቹም ልጆች ይሠሩታል። ከዘገባው በኋላ አንዳንዶቹ ልጆች የምሳ ዕቃቸውን ሲከፍቱ «የበሰበሰ» እየተባሉ ነው። ይህን ቃል እኛ አላመጣንላቸውም።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነጥብ ላይ ዘገባው ልክ ነው፤ ቆጮ ፕሮቲኑ ዝቅተኛ ነው። አብዛኛው ስታርች ነው፤ ብቻውን ልጅ አያሳድግም። ስለዚህ ከጎመንና ከአይብ ጋር፣ ከባቄላና ከሌላ ጥራጥሬ ጋር እንዲቀርብ እናስተምራለን። ዘገባው ጉድለቱን ጽፎ ማሟያውን ተወ። እንሰት በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በደቡቡ ክፍል ብዙ ቤተሰብ ያቆየው ዝናብ ቢቀርም በግንዱ ውኃና ስታርች ይዞ ስለሚቆም ነው፤ ይህንንም ተወ።

የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ማረሚያው ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ፣ ሰው በሚያየው መጠን ይውጣ። እንዲህ ቢል ይበቃናል፦ «ባለፈው ሳምንት ቆጮ በስብሶ የሚዘጋጅ ነው ያልነው ስሕተት ነው፤ ቆጮ በእርሾ ቦክቶ የሚዘጋጅ ምግብ ነው፤ ቡላም ከተፋቀው እንሰት ጭማቂ የሚረጋ ስታርች ነው፤ ሥራውን የሚሠሩትና የሚያስተምሩት ሴቶቹ ናቸው።» ዘጋቢያችሁን እንደገና ብትልኩት ደግሞ ጉድጓድ በሚገለበጥበት ቀን ይምጣ፤ እጁን ታጥቦ ከቡኮው ይጨብጥ፣ ያሽትት፤ ቅጠሉን የምትለውጠውን ሴት ስሟን ይጠይቃት።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ እንሰት አምራች ሴቶች ማኅበር የሥልጠና ክፍል፣ ጉራጌ