የሥዕልና የፊደል ክበብ የዓመቱ ሥራ፦ ዘመም ያለው ፊደላችን

ዘንድሮ የክበባችን ልጆች የራሳቸውን ፎንት ለመሥራት ተነሡ። ጌጥ የሌለው፣ ጫፉ ክብ፣ ወደ ቀኝ ዘመም ያለ የአማርኛ ፊደል። ሐሳቡን ያመጣው መንገዱ ነው። በጎንደር ከፒያሳ እስከ አዘዞ የባጃጁ ስቲከርም ሆነ የጁስ ቤቱ ታፔላ ዘመም ያለ ጽሑፍ ይወዳል። አብዛኛው ግን ቀጥ ያለው ፊደል በኮምፒውተር ተገፍቶ የተጣመመ ነው። ልጆቹን ያናደዳቸውም ይኸው ነው።

ለላቲኑ ፊደል ኢታሊክ የሚባለው ዘመም ያለ ጽሕፈት የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1501 አታሚው አልዶ ማኑዚዮ ቬኒስ ውስጥ መጽሐፍ ያሳተመበት ኢታሊክ በጊዜው ከነበረ የእጅ ጽሑፍ የተቀዳ ነበር። የኛ ብራና ጸሐፊዎች ግን የቅዱሳንን ስም ለይተው ማሳየት ሲፈልጉ ፊደሉን አላጋደሉም፤ ቀይ ቀለም ነከሩ። ስለዚህ ልጆቹ የሚቀዱት አልነበራቸውም።

መጀመሪያ «ወ»ን እና «ዐ»ን በኮምፒውተር አጋደሉ። ክቡ ተበላሸ። የላይ ቀኙና የታች ግራው ወፈረ፣ ሌላው ሳሳ። በግራፍ ወረቀት ላይ እንደገና በእጅ ሣሉት። «ጨ» ደግሞ በ15 ዲግሪ ሦስት እግሩን ይዞ ሊወድቅ የደረሰ መሰለ። በ9 ዲግሪ ረጋ።

በጣም የደከሙት በ«ሊ» እና በ«ሌ» ነው። የ«ሊ» ቅጥያ ጫፉ ሲከብና ሲያጥር፣ በትንሽ መጠን የ«ሌ»ን ቀለበት ይመስላል። የአንዱን ቅጥያ አስረዘሙ፣ የሌላውን ቀለበት አሰፉ። አሁን ከሩቅም ይለያሉ። የአብነት ትምህርት ያለው አንድ ልጃችን መቃ ቀርጾ መጣና ጽፎ አሳየን። ቋሚው እግር ይወፍራል፣ አግድሙ ይቀጥናል። ያንን ልዩነት በፊደላቸው ላይ በጥቂቱ አቆዩት። እኔ ፊደሉን ፊደል ያደረገው ይህ ውሳኔ ነው እላለሁ።

ክብ ጫፍ ያለው ፊደል በዓለም ላይ ለማስታወቂያና ለምልክት ይመረጣል። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1979 ያሠራው ቫግ ራውንድድ የተባለ ክብ ጫፍ ፊደል በኋላ በአፕል ኪቦርዶች ላይ ለዓመታት ታይቷል። እኛም ለዚህ መጽሔት ርእሶች፣ ለቤተ ሙከራው በርና ለሚኒ ሚዲያው ሰሌዳ ተጠቅመንበታል። ረጅም ጽሑፍ ግን አይጻፍበት። አንድ ሙሉ ገጽ ሞክረን ዓይን አደከመ። ልጆቹ ራሳቸው ናቸው ይቅር ያሉት።

የግእዝ ቁጥሮቹና እንደ «ቋ» እና «ጓ» ያሉት ዲቃላዎች ገና ናቸው። ፋይሉ አይሲቲ ክፍል ተቀምጧል። በመስከረም የ10ኛ ክፍል ልጆች ይረከባሉ፤ እጁ የሚጽፍ፣ ዓይኑ የሚለይ ተማሪ ሁሉ ይመዝገብ።